አካል፣ ዕቃ፣ ቃል፣ እርሳስ፦ በሐረር ለ4ኛ ክፍል ልጆች የንድፍ ስዕል የማስተማር ሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፣ ዝግጅት

ተማሪዎቹ 46 ናቸው፤ 4ኛ ክፍል፣ ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ) ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት። ጊዜው ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 3፡50፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ አንድ ላይ። አስተማሪ ሁለት ነው፤ አንዱ ፊት ቆሞ ሲያሳይ ሌላው በወንበሮቹ መካከል ይዞራል። የሚማሩት በአማርኛ ቢሆንም ቤታቸው ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚነገርባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነሱ «ሰያፍ» (ያዘነበለ መስመር) የስዕል ቃል ከመሆኑ በፊት አዲስ የአማርኛ ቃል ነው። አፉን በአማርኛ የፈታውም ልጅ ቢሆን ከዚህ በፊት ሰምቶት አያውቅም ማለት ይቻላል።

የተለመደው አካሄድ ቃሉን ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ትርጉሙን ማስገልበጥ፣ ከዚያ «በሉ ሳሉ» ማለት ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ፈተና ላይ «ሰያፍ መስመር ማለት...» ብሎ አንድ ሳይስት ይወጣዋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲስል ግን ቃሉ ትዝም አይለው። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ አካል፣ ቀጥሎ ዕቃ፣ ከዚያ ቃል፣ እርሳስ መጨረሻ። በአንድ ቅዳሜ ከአምስት ቃል በላይ አይገባም።

ዕቃ፦ አንድ እሽግ (500 ሉህ) ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት፣ 50 ኤች ቢ እርሳስ፣ ለሁለት ልጅ አንድ እንዲደርስ 25 ባለ 4 ቢ (ለስላሳና ይበልጥ የሚጠቁር እርሳስ)፣ 6 መቅረጫ፣ 100 የልብስ መቆንጠጫ፣ አንድ ድውር የስፌት ክር፣ ሁለት ፓኬት ጠመኔ። ላጲስ ሆን ተብሎ አልተገዛም፤ ምክንያቱ ወደ ታች አለ። ምላጭ ክፍል ውስጥ አይገባም። ልጆቹ እርሳስ በምላጭ መቅረጽ ስለለመዱ በየሳምንቱ ኪስ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

የስዕል ሰሌዳ ከካርቶን ተሠራ፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ንብብር። ሲጣበቅ የካርቶኑ የውስጥ ቦይ በአንዱ ንብብር ቁልቁል፣ በሌላው አግድም መሆን አለበት፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ሰሌዳው በዚያው መስመር ይታጠፋል። ሙጫው የዱቄት ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ አለዚያ ይጓጉላል። ከዚያ ውሃው በጠቅላላው አራት ኩባያ እስኪሆን ተጨምሮበት እየተማሰለ 5 ደቂቃ ይንተከተካል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰሌዳዎች እንደ ጭልፋ ጎብጠዋል። ሙጫው ወፍሮ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ስለተሰጣ የላይኛው ንብብር ቀድሞ ደርቆ ተኮማተረ። የቀሩት 40ዎቹ በስሱ ተቀብተው፣ ጥላ ውስጥ ጡብ ተጭኗቸው አደሩ፤ ቀጥ ብለው ወጡ።

ጥቅምት 2፣ መስመር

የመጀመሪያው 25 ደቂቃ ያለ እርሳስ፣ ግቢ ውስጥ። ቃላቱ ቋሚ፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ጎባጣ፣ ጠመዝማዛ።

ቋሚና አግድም በራሳቸው ያስተምራሉ፤ አማርኛው ሥራውን ጨርሶታል። የቆመ ቋሚ ነው፣ የተጋደመ አግድም ነው። ልጆቹ «ቋሚ» ሲባሉ ይቆማሉ፣ «አግድም» ሲባሉ እጃቸውን እንደተጋደመ ሰው ይዘረጋሉ። ሰያፍ እንዲህ አይደለም፤ ልጆቹ ወዲያው ከሰይፍ ጋር አያያዙት። እንዲያርሙ አልተደረገም። ወገብ ላይ የታጠቁት ጎራዴ ሲንጋደድ አሳይተናቸው ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ቃሉን ለማስታወስ እስከረዳቸው ድረስ የዘር ሐረጉ የ4ኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም። ለጠመዝማዛ ሰፌድ መጣ። ከመሃል እምብርቱ ጣት ተነሥቶ ስፌቱን ተከትሎ እስከ ጠርዝ ይዞራል፤ ሰፌድ ከአንድ ረጅም ጠመዝማዛ መስመር መሠራቱን ብዙዎቹ ልብ ያሉት ያን ቀን ነው።

ከዚያ 60 ሴንቲ ሜትር ክር ለእያንዳንዱ። ቃሉ ሲጠራ ክሩን ሰሌዳቸው ላይ ያስተኙታል። ክር የተመረጠው ስህተቱ ስለማይቀር ነው፤ ይነሣል፣ እንደገና ይተኛል። በመጨረሻም ወረቀት። ኤ4ው ለሁለት ከዚያም ለሦስት ታጥፎ ስድስት ክፍል ይወጣዋል፤ በአምስቱ አንድ አንድ የመስመር ዓይነት፣ በስድስተኛው የፈለጉትን ቀላቅለው።

የተበላሸው፦ ሰያፍ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሆነ። ጥፋቱ ከእኛ ነው፤ ግቢ ውስጥ የታየው ምሳሌ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አንድ መሰላል ብቻ ነበር። ቃሉ መሰላሉ ራሱ ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቃል ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ይቀርባሉ።

አያያዝ። ልጆቹ እርሳሱን እንደ ጽሕፈት ጫፉ ላይ ጨብጠው ከጣት አንጓ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት፤ ረጅም መስመር ሲሞክሩ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ይቆረጣል። ለንድፍ ከጫፉ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተይዞ እጅ ከትከሻ ይወዛወዛል። ከ8 ሴንቲ ሜትር ያጠረ እርሳስ ለዚህ አይሆንም፤ ወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎበት በፕላስተር ታስሮ እጀታ ይሠራለታል።

ጥቅምት 9፣ ጀበና

ቃላቱ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ መሃል መስመር፣ ወሰን። ጀበና የተመረጠው ክፍሎቹ ቀድሞውንም ስም ስላላቸው ነው፤ ሆድ፣ አንገት፣ ጆሮ፣ አፍ። ልጁ የሚጨምረው «ሆዱ ምን ዓይነት ቅርጽ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው።

ልጅ ሲተውት ከሚወደው ይጀምራል። ከጆሮው ጀምረው በጥንቃቄ ሲወርዱ ሆዱ ከወረቀቱ ውጪ ቀረ፤ ወይም ጀበናው የማስቲካ ያህል ሆኖ ጥግ ላይ ተሸጎጠ። ለዚህ መድኃኒቱ አራት ምልክት ነው። ከምንም በፊት ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ አጭር ጭረት፤ «ጀበናው ከዚህ አይወጣም» የሚል ወሰን። ቀጥሎ ወረቀቱ ቁልቁል ታጥፎ ሲዘረጋ የሚቀረው መስመር መሃል መስመር ይሆናል። በሦስተኛ ደረጃ የሆዱ ክብ፤ እርሳሱ ወረቀት ሳይነካ አምስት ጊዜ በአየር ላይ ከዞረ በኋላ በስሱ ይነካል። አንገቱ አራተኛ። ጆሮው የመጨረሻ ነው፤ ተቃውሞ ቢያስነሣም።

«ቲቸር፣ ጨረስኩ!» የሚለው ድምፅ ከ4 ደቂቃ በኋላ ጀመረ። ለዚህ መልሱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ «ከዕቃው ጋር አስተያየው፣ የተለየ ሦስት ነገር ንገረኝ።» «ጎበዝ» ከተባለ ወረቀቱ ይገለበጥና ባንዲራና አበባ ይጀመራል።

ላጲስ ያልተሰጠው ለዚህ ነው። ከቤት የመጣ ላጲስ የነበራቸው ሰባት ልጆች ከ30 ደቂቃ ውስጥ ግማሹን በመደምሰስ ጨረሱት፤ 80 ግራሙ ወረቀት ከሦስተኛው ፍቅፈቃ በኋላ ይሻክራል፣ ከዚያ ይቀደዳል። እስከ ኅዳር ላጲስ የለም። ስህተት መስመር በስሱ ይቀመጣል፣ ትክክለኛው አጠገቡ ጠንከር ብሎ ይሠመራል።

ጥቅምት 16፣ ዓይን የሚመራው መስመር

አጭር ሥራ። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት መሃሉ ተበስቶ በእርሳሱ ይሰካል፤ እንደ ጃንጥላ እጁን ይከልላል። ልጁ የግራ እጁን እያየ፣ ወረቀቱን ሳያይ፣ የእጁን ዳር በ3 ደቂቃ ይሠምራል። ዓይን ጉንዳን ናት፤ ጉንዳኗ በጣት ዳር ስትሄድ እርሳሱም አብሮ ይሄዳል። ውጤቱ ያስቃል፤ ይሳቅ። ዋናው ነገር ጣት አምስት ቋሊማ አለመሆኑን፣ አንጓ ላይ መስመሩ መሰበሩን ማየታቸው ነው። ሁለት ልጆች ከክለላው ሥር አጮልቀዋል። በሁለተኛው ዙር ጊዜው ወደ 5 ደቂቃ ሲረዝም ሰልችተው ቸኮሉ፤ ለዚህ ዕድሜ 3 ደቂቃ ይበቃል።

ጥቅምት 23፣ ሞላላና የዓይን ልክ

እስካሁን ከባዱ ቀን። ቃላቱ ሞላላ፣ ጠርዝ፣ የዓይን ልክ።

ልጁ ኩባያ ሲስል የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይስላል። የኩባያ አፍ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ሙሉ ክብ ያደርገዋል፤ ጠረጴዛው ልሙጥ መሆኑን ስለሚያውቅ የታችኛውን ጠርዝ በማስመሪያ ቀጥ ያደርገዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ግን ከተቀመጠበት ቦታ አይታዩም። «ተሳስተሃል» ማለት እዚህ ላይ ከንቱ ነው፤ ኩባያውን በእጁ ዳብሶ ያረጋግጥልሃል።

የሠራው ሻይ ነው። ለስድስት ልጅ አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ እስከ ግማሽ ሻይ የተሞላ። ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የሻዩ ገጽ ሰፊ ሞላላ ነው። ቀስ እየተባለ ወደ ዓይን ሲነሣ ሞላላው ይጠባል፣ ይጠባል፣ ዓይን ጋ ሲደርስ መስመር ይሆናል። ከዚያም በላይ ሲነሣ ከሥሩ ይታያል። አንዷ «ሻዩ ጠፋ!» አለች፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አልተገኘም። ሻዩ የጠፋበት ቦታ የዓይን ልክ ነው ተብሎ ቃሉ የገባው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ የሚያቋርጥ ክር በተቀመጠ ልጅ ዓይን ከፍታ ተወጠረ፤ በእኛ ወንበር ላይ ከወለሉ 98 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ ረጃጅሞቹ ግን ትንሽ ማጎንበስ ነበረባቸው። ከክሩ በታች ያለ ዕቃ ላዩን ያሳያል፣ በላይ ያለው ሥሩን። ሐረሪ ቤት ያደጉ ልጆች ይህን ከቤታቸው ጋር ቶሎ አያያዙት። አምስቱ መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ ከፍታቸው ይለያያል፤ ዝቅተኛው ላይ ተቀምጦ ከፍተኛውን የሚያይ ልጅ የመደቡን ላይ ራሱ ከፍ ሲል ሰፊ፣ ዝቅ ሲል ጠባብ አድርጎ ነው የሚያየው። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሳህኖችና ስፌቶችም ከፊት ለፊት ክብ፣ ከጎን የቆመ ሞላላ ናቸው። የቤት ሥራው መሳል አልነበረም፤ በር ላይ ቆሞ ማየት፣ ከዚያ ክፍሉ መሃል ቆሞ ማየት፣ የተለወጠውን መናገር።

ሲሳል የታዩ ስህተቶች፦

የሎሚ ጫፍ። ሞላላው ግራና ቀኝ ይሾላል። መነሻው ልጁ ከላይ አንድ ጎባጣ፣ ከታች አንድ ጎባጣ ለይቶ መሣሉ ነው። ሳያቋርጥ፣ ከትከሻ፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዙር። ጫፉ ሁልጊዜ ክብ ነው፤ እንደ እንቁላል ጫፍ።

ቀጥ ያለ ሥር። የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ይልቅ ከዓይን ልክ የራቀ ስለሆነ እንዲያውም ይበልጥ መጉበጥ አለበት። ይህን ለማመን የብርጭቆው ሥር በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ተከበበ፤ ብርጭቆው ሲነሣ የቀረው ምልክት ሞላላ ሆኖ ታያቸው።

የተጣመመ ሞላላ። ሞላላው መሃል መስመሩን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ካላቋረጠ ኩባያው የሚወድቅ ይመስላል። ይህ ለሁሉም አልተነገረም፤ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ብቻ።

ከ80 ደቂቃው 55ቱ በሻይና በክር አለቀ፤ ለመሳል 25 ቀረ። አንሷል። በሚቀጥለው ዙር ይህ ትምህርት ሁለት ቅዳሜ ይወስዳል።

ጥቅምት 30፣ ጥላ

አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል። «ጥላ» ዛፍ ሥር ያለው ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚከተለን ነው፣ ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋው ጃንጥላም ነው። ለስዕል ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ ዕቃው ራሱ ላይ ብርሃን ያልደረሰበት ወገን፣ እና ዕቃው ጠረጴዛው ላይ የጣለው። በክፍሉ ስምምነት የመጀመሪያው «የገላ ጥላ»፣ ሁለተኛው «የወደቀ ጥላ» ተባለ። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ተጽፎ ላይገኝ ይችላል፤ ክፍል ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አልተምታታበትም።

ዕቃው እንቁላል። ነጭ ነው፣ አያብረቀርቅም፣ ጥላው ቀስ እያለ ነው የሚጠቁረው። ስምንት እንቁላል ለስምንት ቡድን፣ እንዳይንከባለል በጠርሙስ ክዳን ላይ። (አንዱ ወድቋል። የተቀቀለ ስለነበር ምንም አልሆነም፤ ጥሬ ይዞ የመጣ ሰው ይጸጸታል።)

ክፍሉ በሁለት በኩል መስኮት ስላለው እያንዳንዱ እንቁላል ሁለት የወደቀ ጥላ ነበረው፣ የገላ ጥላው ደግሞ ጠፋ። የአንድ በኩል መስኮቶች በካርቶን ተዘጉ። ክፍት የቀረው የሰሜኑ ነው፤ በዚህ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰሜን መስኮት ቀጥታ ጨረር አይገባም፣ ብርሃኑም ከ2፡30 እስከ 3፡50 ቦታውን ብዙ አይለውጥም። የምሥራቁ መስኮት መጀመሪያ ተሞክሮ በ20 ደቂቃ ውስጥ ጥላው ከቦታው ፈቀቅ አለ።

ከእንቁላሉ በፊት የጥቁረት መሰላል ይሠራል፤ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር አምስት ሳጥን በአንድ መስመር። አንደኛው ባዶ ወረቀት ነው። ሁለተኛው አንድ ንብብር ሰያፍ ጭረት፣ ሦስተኛው በዚያ ላይ ወደ ሌላ ጎን ያዘነበለ ሁለተኛ ንብብር፣ አራተኛው አግድም ተጨምሮበት፣ አምስተኛው ቋሚም ተጨምሮ በ4 ቢ የጠቆረ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቃላት እዚህ ሥራ ያዙ። «ሁለተኛውን ሰያፍ ጨምሪበት» ሲባል ትርጉም የጠየቀ የለም።

ልጆቹ ጥቁረትን የሚያገኙት በመጫን ነው። ሲጫን የኤች ቢው እርሳስ ያብለጨልጫል እንጂ አይጠቁርም፤ ወረቀቱም ይጎደጉዳል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ንብብር አይቀበልም። ለማስረዳት ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን በጣት እንዲዳስሱ ተደረገ። ጀርባው ከተሰማህ ተጭነሃል። ይህች ፈተና ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥ ሠርታለች፤ በየመሃሉ ራሳቸው እየገለበጡ ይዳስሱ ጀመር።

በጣት ማሸት ተከልክሏል። የታሸ ጥላ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል፤ ላብ ያለበት ጣት ደግሞ የማይጠፋ ቅባት ይተዋል።

ኅዳር 7፣ ከሰልና ቀይ አፈር

ለዚህ ቅዳሜ ዝግጅቱ የተጀመረው ከአሥር ቀን በፊት ነው።

የማብሰያ ከሰል ለስዕል ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ከጠንካራ እንጨት ስለሚከሰል ወረቀት ይቧጭራል። የስዕል ከሰል የሚሠራው እንዲህ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው ደረቅ ቀጭን ጭራሮ ከለስላሳ እንጨት ይመረጣል፤ ልጡ ይላጣል፤ 12 ሴንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጣል። ክዳን ባለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቆሞ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላል፤ ክፍተት ካለ አየር አለ፣ አየር ካለ አመድ ነው። ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ ብቻ ይበሳል። ማንደጃ ላይ ይቀመጣል። በቀዳዳው መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት፣ ቀጥሎ ቢጫማ ጢስ ይወጣል፤ ጢሱ ጨርሶ ሲቆም፣ በእኛ ቆርቆሮ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶበት፣ ይወርዳል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይከፈትም። አንደኛው ቆርቆሮ በትኩሱ ተከፍቶ አየር ሲያገኝ ከሰሉ እዚያው ነደደ። ሁለተኛው ቶሎ ወረደ፤ ጭራሮው ውስጡ ቡናማ ቀረ፣ ወረቀት ላይ ጥቁር አልሰጠም። ሦስተኛው ልክ ሆነ፤ ሲመታ የሸክላ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ለልጆቹ የተሠራው ብቻ ይታያቸዋል።

ቀይ አፈሩ ሐረር ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሐረሪ ቤት መደብና ወለል የሚቀባው በእሱ ነው። ይወቀጣል፣ በአሮጌ ነጠላ ይነፋል፣ በውሃ ይለወሳል፣ በእርሳስ ውፍረት ይድበለበላል። አፈሩ ሸክላነት ካለው በራሱ ይይዛል፤ የሚፈረፈር ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የግራር ሙጫ በግማሽ ሊትር ውሃ ተሟሙቶ ይለወስበታል። ሙጫ ሲበዛ ዱላው እንደ ጥርብ ድንጋይ ይሆንና አይጽፍም። ጥላ ውስጥ አራት ቀን ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። ልጆቹ አንድ ነገር ሲነገራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ፦ ድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የተዉት ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁርጥራጭ ተገኝቷል፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ግራም ነው። አንዱ «እነሱም ቅዳሜ ይማሩ ነበር?» አለ።

የዕለቱ ቃላት ሻካራ፣ ልሙጥ፣ ጎርባጣ። ወረቀት በሰፌድ፣ በበር እንጨት፣ በግቢው ድንጋይ ላይ ተደርጎ ከሰሉ በጎኑ ይሄድበታል። ሁለት ልጅ ይሥሩ፤ አንዱ ወረቀቱን ይያዝ፣ ሌላው ያሻሽ። ከተንሸራተተ ሁለት ምስል ይደራረባል። የጁገል ግንብ ላይ አይሠራም፤ ቅርስ ነው፣ ከሰሉም ዝናብ እስኪመጣ አይለቅም።

ለከሰል የሚሆን ላጲስ የዳቦ ልብ ነው፤ ትንሽ ይድበለበልና ይጫናል፣ አይፈተግም። 10 ዳቦ ተገዝቶ ለስዕል የደረሰው 4 ነው። የቀረው የት እንደሄደ ግልጽ ነው፤ ሳይበሉ የመጡ ልጆች አሉ። ወደፊት ዳቦው ከትምህርቱ በፊት ለመብል፣ ትርፉ ለስዕል ይሁን።

ኅዳር 14፣ መለካት

ክንድ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ በእርሳስ መለካት ይታወቃል። ለልጆች የማይሠራው ክርናቸው ስለሚታጠፍ ነው፤ የጀበናውን አንገት በዘረጋ ክንድ፣ ሆዱን በታጠፈ ክንድ ይለኩታል፣ ንጽጽሩ ይፈርሳል። መፍትሔው ክር ነው። አንገት ላይ በልቅ የሚጠለቅ የክር ቀለበት፣ ከፊት ለፊቱ እርሳሱ የታሰረበት 45 ሴንቲ ሜትር ክር። ክሩ በተወጠረ ቁጥር እርሳሱ ከዓይን ያለው ርቀት አንድ ነው። ትምህርቱ ሲያበቃ ክሩ ከአንገት ይወልቃል፤ ጠልቀውት ወደ ግቢ አይወጡም።

መስኮት (የሚሳለውን ለይቶ ለማየት)፦ ካርቶን ላይ 7 በ10 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ መሃሉ ላይ አንድ ቋሚ አንድ አግድም ክር ይወጠራል። ይህ ልክ ለኤ4 የቀረበ ነው። መጀመሪያ 8 በ8 ተቆርጦ ነበር፤ በመስኮቱ የገባው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ከላይና ከታች ባዶ ተረፈ፣ ልጆቹም ባዶውን በፀሐይና በደመና ሞሉት።

መደራረብ በሦስት ሰው ተማሩት፤ ሦስት ልጅ ፊትና ኋላ ይቆማል። የፊተኛው የኋለኛውን ይከልላል፣ እግሩ ወረቀቱ ላይ ዝቅ ይላል፣ ይተልቃል። ይህ ለ4ኛ ክፍል በቂ ነው። መስመሮች ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ የሚሄዱበትን ሥርዓት አላስገባንም። በዚህ ዕድሜ እንደ ቀመር ይሸመደዳል፤ የጁገል ጠባብ መንገዶች ደግሞ ስለሚጠማዘዙ ቀመሩ ከሚታየው ጋር አይገጥምም።

ኅዳር 21

ጽዮን ስለሆነ ብዙ ልጅ ቀርቷል። የመጡት የቃል ካርድ ሠሩ፤ 10 በ15፣ በአንድ ገጽ ቃሉ፣ በሌላው የራሳቸው ስዕል። ቀደም ሲል በአስተማሪ ስዕል የተዘጋጁት ካርዶች ተሰብስበዋል፤ ልጆቹ የእኛን ስዕል የቃሉ ትርጉም አድርገውት ነበር። በራሳቸው ካርድ ላይ ሰያፍ የተሳለው የባጃጅ የፊት መስታወት፣ የአህያ ጭነት ገመድ፣ የግመል አንገት ሆኖ ነው።

ኅዳር 28፣ ኤረር በር

አምስቱ ጥንታዊ በሮች ተቃኝተው ኤረር በር ተመረጠ። በምሥራቅ በኩል ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ የውጪውን ገጽ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ መክፈቻው ጨለማ፣ ግንቡ ብሩህ ሆኖ ሁለት ትልልቅ ቅርጾች ይለያሉ። ወደ ኤረር ሸለቆ በኩል ዞር ሲባል ደግሞ አድማስ ይታያል፤ በጁገል መንገዶች መሃል ለሚያድግ ልጅ ይህ በየቀኑ የሚያገኘው አይደለም።

አራት አዋቂ ለ46 ልጅ፤ ሁለቱ ከመንገዱ ዳር። የተቀመጡት ከበሩ 20 እርምጃ ወጣ ብሎ፣ አህዮችና ገበያተኞች ከሚያልፉበት ራቅ ብሎ ነው። መጀመሪያ 10 እርምጃ ላይ ተቀምጠው በሩ ከካርቶን መስኮቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ወረቀት እንዳይበር ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ሁለት መቆንጠጫ፤ አልበቃም፣ አራት ያስፈልግ ነበር።

የጊዜ አከፋፈል፦ 5 ደቂቃ በመስኮት ማየት ብቻ፤ 5 ደቂቃ አራቱ ምልክትና የዓይን ልክ፤ 10 ደቂቃ ትልልቅ ቅርጾች በስስ መስመር፤ 5 ደቂቃ የጥላ ወሰን፤ 20 ደቂቃ ጭረት በሦስት ንብብር። የጥላው ወሰን ቀድሞ የተሠመረው ፀሐይ ስለምትሄድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ጥላ ቢለወጥም ልጁ መጀመሪያ ያሠመረውን ይሞላል። ይህን የዘነጉ ልጆች ጥላውን እያሳደዱ ግንቡን በሙሉ አጠቆሩት።

የግንቡን ድንጋይ አንድ በአንድ መቁጠር የጀመሩ አሥር ያህል ነበሩ። ትዕዛዙ «ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ አካባቢ ስምንት ድንጋይ ብቻ» ሆነ፤ ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅ በመጨረሻ 10 ደቂቃ፣ በጣት ቁመት፣ ከአራት መስመር ባልበለጠ። የቆመ አህያ ያገኘ ዕድለኛ ነው።

ሸክም የያዙ ሴቶችን ከመሳል በፊት እንዲጠየቁ ተነግሯል። ሁለቱ «እምቢ» አሉ፣ አንዷ ደግሞ ስዕሉን ካየች በኋላ ዘምቢሏ አንሶ ተስሏል ብላ አስተካክሉ አለች። ትክክል ነበረች፤ በእርሳስ ሲለካ ዘምቢሉ ከጭንቅላቷ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ ፍተሻና ዕቃ ቆጠራ

ፍተሻው የጽሑፍ አይደለም። ቃል ይጠራል፣ ልጁ በ5 ሰከንድ ክፍሉ ውስጥ ያለ ነገር በጣቱ ያሳያል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ሌላ ነገር ማሳየት አለበት። ቋሚ፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ጠመዝማዛ፣ የወደቀ ጥላ፣ ሻካራ ያለ ችግር አለፉ። «የዓይን ልክ» ላይ ብዙዎቹ ክሩ ተወጥሮበት የነበረውን ምስማር አሳዩ፤ ቆመውም ሳለ። የዓይን ልክ ከተመልካቹ ጋር እንደሚነሣና እንደሚወርድ አልገባቸውም፤ ክሩ አንድ ቦታ ተወጥሮ መቅረቱ ነው ያሳሳታቸው። በሚቀጥለው ዙር ክሩ በተቀመጡበት፣ ከዚያ በቆሙበት፣ ከዚያ ወለል ላይ በተቀመጡበት ከፍታ ሦስት ጊዜ ይወጠራል።

የቀረ፦ 61 ሉህ ወረቀት፣ 38 ኤች ቢ (አምስቱ ባለ እጀታ)፣ 19 ባለ 4 ቢ፣ 4 መቅረጫ፣ 44 ሰሌዳ፣ 83 መቆንጠጫ፣ ግማሽ ቆርቆሮ ከሰል፣ 22 የቀይ አፈር ዱላ። መገዛት ያለበት፦ አንድ እሽግ ወረቀት፣ 10 ባለ 4 ቢ፣ ስምንት የሻይ ብርጭቆ (ያሁኖቹ የጎረቤት ሻይ ቤት ስለሆኑ ሰኞ ይመለሳሉ)፣ ዳቦ 20።